ስግደትና ዕርድ፦ የኮሪያ የኮንፊሽየስ ሥርዓት ጥናት በሸዋ እስልምና ጥናት ላይ የሚያነሣው ጥያቄ

በደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1985 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ሃይማኖታቸው የኮንፊሽየስ ሥርዓት መሆኑን ያስመዘገቡት ሰዎች ወደ 480 ሺህ ይጠጉ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ በ2015 ቆጠራ ይኸው ቁጥር ወደ 76 ሺህ ወረደ፤ ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይደርስም። በዚሁ ቆጠራ ከመቶ 56 የሚሆነው ሕዝብ ምንም ሃይማኖት የለኝም ብሏል። ይህን አኃዝ ብቻ የተመለከተ አንባቢ የኮንፊሽየስ ትምህርት ከኮሪያ ምድር ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በየዓመቱ የመኸሩ በዓል ቹሶክ ሲደርስ ሕዝቡ ወደየትውልድ መንደሩ ይጎርፋል። በብዙ ቤት ለሞቱት አያት ቅድመ አያቶች ገበታ ይዘረጋል፤ ወንዶች ልጆች በገበታው ፊት ሁለት ጊዜ መሬት ድረስ ይሰግዳሉ። በአገሪቱ የገንዘብ ኖቶች ላይም የሥርዓቱ ታላላቅ ሊቃውንት ይታያሉ፤ ቶዬግዬ በ1,000 ወን፣ ዩልጎክ በ5,000 ወን ላይ።

መዝገቡ እውነት ከተናገረ ገበታው ምንድን ነው? ገበታው እውነት ከሆነስ መዝገቡ የቆጠረው ምንን ነው? የኮሪያን ሃይማኖቶች የሚያጠኑ ምሁራን ሲታገሉት የኖሩት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። የእስልምና ጥናት መጽሔት በዚህ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በሸዋና በወሎ ደጋ የሚኖረው ሙስሊም ዲን ሲጠና በተመራማሪው እጅ የነበረው መለኪያ ያው መሆኑን እናስታውሰዋለን። የኮሪያው ጥናት የመለኪያውን ጉድለት ከእኛ ቀድሞ አይቶታል። የደረሰበትን መፍትሔ እንዳለ ብንቀዳው ግን ሌላ ስሕተት ይጠብቀናል፤ ምክንያቱም እስልምና የኮንፊሽየስ ሥርዓት የሌለው የራሱ ሚዛን አለው።

ከ1392 እስከ 1910 ኮሪያን የገዛው የቾሶን ሥርወ መንግሥት መንግሥቱን ያቆመው በኮንፊሽየስ ትምህርት ላይ ነበር፤ ይልቁንም በ12ኛው መቶ ዘመን ቻይናዊው ጁ ሺ ባዋቀረው መልክ። በ1398 በዋና ከተማው የተመሠረተው ሶንግዩንክዋን የተባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት የመንግሥት ሹማምንት የሚወጡበት፣ የኮንፊሽየስም መታሰቢያ ሥርዓት የሚፈጸምበት ቦታ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድም ሰው «የኮንፊሽየስን ሃይማኖት ተቀበልሁ» ብሎ ምስክርነት የሰጠበት ጊዜ የለም። መግቢያ ቃል የለውም፤ ስለዚህ መውጫም አልነበረውም። ዛሬ ኮሪያውያን ሃይማኖት ለማለት የሚሠሩበት «ጆንግዮ» የሚለው ቃል በዚህ ትርጉሙ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው፤ የአውሮፓን ቃል ለመተርጎም ጃፓኖች ካበጁት ቃል የመጣ ነው። የቆጠራው ቅጽ የሚጠይቀው እንግዲህ በዚህ አዲስ ቃል ነው። አያቱን ለማክበር ገበታ የሚዘረጋው ኮሪያዊ «ጆንግዮህ ምንድን ነው?» ሲባል «የለኝም» ማለቱ ውሸት አይደለም፤ የተጠየቀው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ዊልፍሬድ ካንትዌል ስሚዝ ይህን ጉዳይ በ1962 ባሳተመው መጽሐፉ በስፋት መርምሮታል። ስሚዝ በመሠረቱ የእስልምና ተመራማሪ ነው፤ በላሆር አስተምሯል፤ በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲን የእስልምና ጥናት ተቋምም የመሠረተው እርሱ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ፣ «ሃይማኖት» የተባለው ራሱን የቻለ፣ ስም የወጣለትና ድንበር የተበጀለት ነገር ምዕራባውያን በቅርብ ዘመን የፈጠሩት ዕቃ ነው፤ ሌሎች ሕዝቦች የኖሩትን ኑሮ በዚህ ዕቃ ውስጥ ሲከቱት ተበላሸ የሚል ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው እስልምና ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፤ ለብቻው ምዕራፍ ይሰጠዋል። እስልምና ስሙን ከውጭ ሰው አልተቀበለም፤ ስሙ በቁርኣን ውስጥ አለ፤ «ዲን» የሚለውም ቃል አብሮት አለ። ስሚዝ ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ አያረካንም። ቃሉ በጊዜ ብዛት ወደ ግትር ሥርዓት ስምነት ተለወጠ የሚለው ክርክሩ የሙፈሲሮችንና የፉቀሃን አጠቃቀም አቃሎ ያየ ነው። ልዩነቱን ማየቱ ግን ትክክል ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ የማኅበረሰብ አጥኚዎችም ይህን ልዩነት ዘንግተውታል።

በነገራችን ላይ በአማርኛ የምንጠቀምበት «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ራሱ ከማመን ግሥ የወጣ ነው፤ ልብ የሚይዘውን እምነት ያስቀድማል። «ዲን» ደግሞ ፍርድንና መታዘዝን፣ ዕዳንና ብድራትንም ይይዛል። በቀደመው ዘመን የደጋው ሕዝብ ሙስሊሙን ብዙ ጊዜ «ነጋዴ» እያለ ይጠራው እንደ ነበር ይታወቃል፤ ሰውየው የተሰየመው በሥራው ነው እንጂ በእምነቱ አልነበረም። የእኛም ቃላት እንግዲህ ከታሪክ ንጹሕ አይደሉም።

በኮሪያ ጥናት ውስጥ ከዚህ የቃላት ክርክር ወጥቶ ሥራ የሠራው መጽሐፍ፣ በእኛ ግምት፣ ማርቲና ዶይክለር በ1992 ያሳተመችው የኮሪያን ኅብረተሰብ በኮንፊሽየስ ትምህርት መለወጥ የሚተርከው መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ «የኮንፊሽየስ ሥርዓት ሃይማኖት ነው ወይስ አይደለም?» በሚለው ላይ ቀኗን አላጠፋችም። የጠየቀችው ርስት ማን ይወርሳል፣ ለማን ስንት ዓመት ይታዘናል፣ ሁለተኛ ሚስት የወለደችው ልጅ ምን ቦታ አለው፣ ለአያቶች የሚቀርበውን ሥርዓት ማን ያከናውናል የሚል ነበር። ከቾሶን በፊት በነበረው በጎርዮ ዘመን ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ትወርስ ነበር። ሊቃውንቱ የጁ ሺን ትምህርት በሕግና በቤተሰብ ሥርዓት ውስጥ ለማስገባት ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ታግለው፣ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ርስቱም ሥርዓቱም ወደ ታላቁ ወንድ ልጅ አዘነበለ። የሥርዓቱን ጥልቀት የሚያሳየው እንግዲህ የቆጠራ መዝገብ ሳይሆን የውርስ ሰነድ ነው። የዚህ ርዝራዥ እስከ ቅርብ ዓመታት በሕግ ውስጥ ቆይቷል፤ የቤተሰብ አለቅነትን በወንድ መስመር የሚያስተላልፈውን ሕግ የኮሪያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2005 ነው፤ ከመዝገብ የተሻረውም በ2008። መጽሐፉ ጉድለት የለበትም አንልም። ሰነዱ የባላባቱ መደብ ሰነድ ስለሆነ ድኻው ገበሬና በጓዳ ያለችው ሴት በሩቁ ነው የሚታዩት። መንገዱ ግን የቀና ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለኢማሞች ይበልጥ የሚቀርበው የስግደቱ ጉዳይ ነው። በ1784 በቤጂንግ ተጠምቆ የተመለሰ አንድ ኮሪያዊ የካቶሊክን እምነት ወደ አገሩ ካስገባ በኋላ አዲሶቹ አማኞች ለሞቱት ወላጆች የሚቀርበውን ሥርዓት ይፈጽሙ ወይስ ይተዉ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ሮም በ1742 አጥብቃ ከልክላው ነበር። በ1791 ዩን ጂ ቹንግ የተባለው ካቶሊክ የአያቶቹን የስም ሰሌዳ በማቃጠሉና ለእናቱ ሥርዓቱን ባለመፈጸሙ በሞት ተቀጣ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ደም ፈሰሰ። በ1939 ሮም ይኸው ሥርዓት የሕዝብ ልማድና የአክብሮት ምልክት ስለሆነ አይከለከልም ብላ ወሰነች። ድርጊቱ በመሠረቱ ያው ነበር፤ ሰሌዳው፣ ገበታውና ስግደቱም ያው። የተለወጠው የተጻፈበት ዓምድ ነው፤ «ሃይማኖት» ከሚለው ዓምድ «ባህል» ወደሚለው ተዛወረ። ሁለት ዓምድ ብቻ ያለው መዝገብ ሰውን የሚያስገድል ወይም የሚያድን ከሆነ መዝገቡ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል።

አንድ የፊቅህ ተማሪ ይህን ጉዳይ ቢይዝ ከየት ይጀምራል? የስሙ ጉዳይ ከቁም ነገር አይገባለትም፤ ድርጊቱን ይበትናል። ኮሪያዊ ልጅ በአዲስ ዓመት በሕይወት ላሉት ወላጆቹ አንድ ጊዜ መሬት ድረስ ይሰግዳል፤ ለሞቱት ሁለት ጊዜ። ሙፈሲሮች በሱረቱ ዩሱፍ 100ኛው አያ የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ቤተሰቦች የሰገዱትን ስግደት ሲያብራሩ፣ ብዙዎቹ የሰላምታና የአክብሮት ስግደት እንደ ነበረና በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሸሪዓ እንደ ተሻረ ይናገራሉ። ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ከሻም ሲመለስ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰገደ ጊዜ እንደ ተከለከለ ኢብን ማጃህ ዘግበዋል። በዚህ መሠረት ብዙዎቹ ሊቃውንት የአክብሮትን ሱጁድ ሐራም ሲሉ የዒባዳን ሱጁድ ደግሞ ሺርክ ብለው ይለዩታል፤ ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው፤ በደረጃ ግን አይገናኙም። ለሞተው ሰው በስሙ ሰሌዳ ፊት መስገድ፣ መንፈሱ እንዲገኝ መጥራት፣ ምግብ ማቅረብ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይታያሉ። ለሌላ ስም የቀረበ ሥጋ የራሱ ሑክም አለው፤ በመቃብር ላይ ሣር ማጨድና ማጽዳት የራሱ፤ ለወላጅ መልካም መዋል ደግሞ የታዘዘ ነው። አንዱ ገበታ በአምስትና በስድስት ሑክም ይከፈላል። ሮም ለሁለት መቶ ዓመታት የተመላለሰችበት የሁለት ዓምድ መዝገብ እዚህ ቦታ የለውም።

ይህ ሚዛን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ነጃሺ ፊት በቀረቡ ጊዜ ሰላምታ ሰጥተው ሳይሰግዱ እንደ ቆሙ፣ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁም የምንሰግደው ለአላህ ብቻ ነው ማለታቸው በኢማም አሕመድ ሙስነድ ተዘግቧል። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጉዳዩን የንጉሥ ክብር አድርገው ነበር ያዩት፤ ጀዕፈር በድርጊቱ ዓይነት ለዩት፤ ንጉሡን ሰላም ማለታቸውን ግን አልተዉም። በሐበሻ ምድር የተደረገው የመጀመሪያው የእስልምና ክርክር ከእምነት ቃል ጋር አንድ ላይ ስለ ስግደትም ነበር ማለት ነው።

ለኮሪያ ሙስሊሞች ጥያቄው ዛሬም ሕያው ነው። በቾሶን መጀመሪያ በንጉሡ ግቢ ይታዩ የነበሩት ሙስሊሞች በ1427 በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን የተለየ ልብሳቸውንና ሥርዓታቸውን እንዲተዉ ታዘዙ፤ ከዚያም በሕዝቡ ውስጥ ጠፉ። እንደገና የተነሡት በኮሪያ ጦርነት ከዘመተው የቱርክ ብርጌድ ጋር ከመጡት ኢማሞች ትምህርት በኋላ ነው። በ1955 ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1976 በሴኡል ማዕከላዊው መስጊድ ተከፈተ። በዚያው ጦርነት የእኛም ቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ተሰልፎ ነበርና ኮሪያን ብዙዎቻችን የምናውቃት በዘማቾች ወሬ፣ ዛሬ ደግሞ በተከታታይ ድራማ ነው። የሰለመ ኮሪያዊ በቹሶክ ቀን በአባቱ ቤት ምን ያድርግ? ፈትዋው የዚያ አገር ሊቃውንት ጉዳይ ነው። ነገር ግን «የኮንፊሽየስ ሥርዓት ሃይማኖት አይደለም፤ ስለዚህ ይሰገድ» የሚለውም፣ «ሃይማኖት ነው፤ ስለዚህ ከቤቱ አትግባ» የሚለውም ጥያቄውን ለቆጠራ ሠራተኛ አሳልፎ የሚሰጥ ነው። የሚገርመው የሶንግዩንክዋን ሽማግሌዎች ራሳቸው በ2022 የቹሶክ ገበታ እንዲቀል፣ በዘይት የተጠበሰ ምግብ ግዴታ እንዳልሆነ ማስታወቃቸው ነው፤ እነርሱም ከልማዱ ውስጥ ግዴታውን ከተጨማሪው መለየት ጀምረዋል።

ወደ አገራችን እንምጣ። ስፔንሰር ትሪሚንግሃም በ1952 ያሳተመው የኢትዮጵያ እስልምና ታሪክ ለረጅም ጊዜ የማይታለፍ መጽሐፍ ሆኖ ቆይቷል። ደራሲው በሱዳን ያገለገለ ሚስዮናዊ ነበር፤ ያሰባሰበው መረጃ ብዛት ዛሬም ያስመሰግነዋል። የደጋውን ሙስሊም ሲመዝን ግን በአእምሮው አንድ «ንጹሕ» እስልምና አስቀምጦ ከዚያ የጎደለውን ሁሉ የቀድሞ ልማድ ቅሪት አድርጎ ይጽፋል። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ1992 ስለ ኢትዮጵያ እስልምና ታሪክ አጻጻፍ ባወጡት ጽሑፍ ይህንንና መሰል አዝማሚያዎችን በብርቱ ተችተዋል። በ2001 የታተመው የ19ኛው መቶ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪካቸው ደግሞ ሌላውን መንገድ በተግባር አሳየ፤ መሻኢኹን በስም፣ ሐሪማዎቹን በቦታ፣ የዕውቀቱን ሰንሰለት በመምህርና በደረሳ አስቀመጠ። የጀማ ንጉሡ ሙሐመድ ሻፊ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የ«ቅይጥ እምነት» ምሳሌ ሆነው አይታዩም፤ መምህርና የተሐድሶ ሰው ሆነው ይታያሉ።

ሆኖም ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙ ጥናት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ዘለለ። ቀድሞ «ላይ ላዩን የሰለመ» ይባል የነበረው ሕዝብ አሁን «ተቻችሎ የሚኖር» ተባለ። ወዳጃውም፣ መውሊዱም፣ የጎረቤት ሐዘን መድረሱም በአንድ ከረጢት ገብተው «አገር በቀል እስልምና» የሚል ስም ወጣላቸው። ቃሉ ከስድብ ወደ ምስጋና ተለወጠ፤ መለኪያው ግን ያው ነው፤ ሃይማኖት እዚህ፣ ባህል እዚያ፣ የተገናኙበት ቦታ ድብልቅ። ይህን አካሄድ አጥብቀን የምንተቸው ምስጋናው እንደ ስድቡ ሁሉ ሰውየውን ስለሚያስረሳ ነው። ተመራማሪው የወዳጃውን ቡናና እጣን በዝርዝር ይጽፋል፤ ዱዓው በምን ቋንቋ እንደ ተደረገ፣ ከየትኛው ኪታብ እንደ ተወሰደ፣ መሪው ከማን ኢጃዛ እንዳላቸው ግን አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ ዐረብኛውን ስለማያነብ ነው። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በአሌሳንድሮ ጎሪ መሪነት ከ2013 እስከ 2018 የተካሄደው የአፍሪካ ቀንድ እስላማዊ ጽሑፎች ምርምር ይህን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ ከባድ ሥራ ነው፤ የማኅበረሰብ አጥኚዎቹ ግን ሊያነቡትና ሊጠቀሙበት ይገባል።

እነዋሪን እንውሰድ። ከተማዋ ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ የጀማ ሸለቆን ቁልቁል በሚያየው በጅሩ ሜዳ ላይ ናት። አገሩ ጥቁር አፈር ነው፤ በስንዴና በጤፍ፣ ከሁሉ በላይ በተቀለበው ሰንጋው ይታወቃል። ሕዝቡ በእጅጉ ክርስቲያን ሲሆን ሙስሊሙ ጥቂት ነው። የታሪክና የቁፋሮ ጥናቱ ያተኮረው በምሥራቁ ቁልቁለት፣ በይፋትና በአርጎባ አገር ነው፤ በኖራ የተገኘው የጥንቱ መስጊድ ፍርስራሽና የወላስማዎቹ መካነ መቃብር ይህን ያህል ትኩረት ቢስቡ ይገባቸዋል። የአበበ ክፍለየሱስ የአርጎባ ጥናትም፣ የአሕመድ ሐሰን ዑመር የአልዩ አምባ ጥናትም እዚያው ናቸው። በሰሜን ደግሞ ወሎ አለ። በመካከል ያለው የሰሜን ሸዋ ደጋ ሙስሊም ለይፋት አጥኚ ሩቅ፣ ለወሎ አጥኚ ጎረቤት፣ ለቆጠራው ደግሞ ከነጥብ በኋላ ያለ ቁጥር ሆኖ ቀርቷል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአገሪቱ ሙስሊም ከመቶ 34 ገደማ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ቁጥሩ ብዙ አከራክሯል፤ ክርክሩ ግን ስለ ብዛት እንጂ ስለ ጥያቄው ይዘት አልነበረም።

በእነዋሪ እንደ ብዙው ደጋ ሁሉ ሠርግ ሲደገስ ክርስቲያኑ ባለ ድግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙክት ወይም ወይፈን ለብቻ ይሰጣል፤ ሙስሊም ያርደዋል፤ በሌላ ድስት ይሠራል። ሙስሊሙ ሲደግስም እንዲሁ ያደርጋል። በአንድ እድር የሚቀባበሩ፣ በሬ የሚያቃምሩ፣ ልጅ የሚደራረሱ ጎረቤቶች በሥጋ ላይ ሲደርሱ ቢላዋና ድስት ይለያያሉ። ኤሎይ ፊኬ በ2006 ባወጣው ጽሑፍ ሥጋ በኢትዮጵያ በክርስቲያንና በሙስሊም መካከል የሚቆም የድንበር ምልክት መሆኑን አሳይቷል። ይህን ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። እኛ የምናክለው የፊቅህ ጥያቄ አለ።

በሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አያ የአህለል ኪታብ ምግብ ለሙስሊሙ የተፈቀደ መሆኑ ተነግሯል፤ ሙፈሲሮችም ያረዱትን እንደሚጨምር ያስረዳሉ። እንግዲህ የደጋው ሙስሊም የጎረቤቱን ሥጋ ባለመብላቱ ከነስ በላይ ጠባብ ሆኗል። «ቅይጥ» የተባለው ሰው በዚህ ነጥብ ላይ ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ራሱን የለየ ነው፤ የቅይጥነት ንድፈ ሐሳብ ለዚህ መልስ የለውም። ምክንያቱ ምን ይሆን? በሻፊዒይ መዝሀብ ከበኒ ኢስራኢል ላልሆነ ክርስቲያን የሚቆም መስፈርት አለ፤ ዕርዱ የሚፈቀደው ቀደምቶቹ ወደዚያ ዲን የገቡት ከመሻሩ በፊት ከሆነ ነው። የአክሱም ንጉሥ ክርስትናን የተቀበለው በ4ኛው መቶ ዘመን ስለሆነ ቀደምት ክርስቲያኖች በዚህ መስፈርት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ዘግይተው በገቡት ላይ ግን ጥርጥር ይነሣል፤ በጥርጥር ጊዜ መተው ደግሞ የወረዕ መንገድ ነው። የደጋው መሻኢኽ በዚህ መንገድ አስበው ይሆን? ወይስ ክርስቲያኑ የሙስሊም ዕርድ የበላውን ከእምነቱ እንደ ወጣ ስለሚቆጥረው ሙስሊሙም በአጸፋው ድንበሩን አጠበቀ? ወይስ ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ በነበረው የግዳጅ ጥምቀት ዘመን ሥጋ መብላት የመካድ ምስክር ተደርጎ ስለተወሰደ ነው? ሦስቱም መልስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ መንደርም ሦስቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሦስቱም ግን በሑክም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ኢጅቲሃድ ነው፤ ሁለተኛው ዑርፍ፤ ሦስተኛው የመከራ ዘመን ቅርስ። ለተመራማሪው ሦስት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው፤ ለኢማሙ ሦስት የተለያዩ መልሶች።

እዚህ ላይ ትችታችን ወደ ራሳችን ወገን መዞር አለበት። በቅርብ ዓመታት በየከተማው በሚበተኑ ጽሑፎችና ትምህርቶች የአባቶች ልማድ ዝርዝር እየወጣ በአንድ ቃል ይፈረድበታል፤ ወይ ቢድዓ፣ ወይ ሺርክ። በሌላ በኩል የሚከራከሩት ደግሞ «ባህላችን ነው» ይላሉ። አንደኛው ወገን ሁሉን በሃይማኖት ዓምድ ጽፎ ይሰርዛል፤ ሌላው ሁሉን በባህል ዓምድ ጽፎ ያተርፋል። የሮም ሁለት ዓምድ መዝገብ በእኛ መስጊድ ገባ ማለት ነው። በነገሩ የሚጎዱት ዱዓቸውን ከእናታቸው ተቀብለው የያዙ አዛውንት ናቸው፤ ዱዓቸው ከሐዲስ የተወሰደ ይሁን ከሌላ ሳይመረመር ዝም ይባላሉ፤ ከዝምታቸው ጋርም የአንድ መንደር የዕውቀት ሰንሰለት ይቆረጣል። ፉቀሃ ልማድን በፍርድ ውስጥ የሚያስገቡበትና የሚያስወጡበት መስፈርት በኪታቦቹ ተዘርዝሯል፤ የዐዳን ቃዒዳ የሚያስተምር ኡስታዝ በተግባር ሲደርስ ለምን ይረሳዋል?

ዶይክለር በኮሪያ የውርስ ሰነድን እንደ ያዘች ለእኛም ሰነድ አለ። የቃዲ ፍርድ ቤቶች በ1934 ዓ.ም. አዋጅ በሕግ ታውቀዋል፤ የፌዴራሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ ውርስ፣ ኒካሕ፣ ጦላቅ፣ ወቅፍ አለ። በርስት ሥርዓት ዘመን በብዙ ሥፍራ ሙስሊሙ የመሬት ባለቤት እንዳይሆን ተደርጎ ነበር፤ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ገበሬው ሙስሊም መሬት ሲያገኝ ሴት ልጅ ከወንድሟ ምን ያህል ወሰደች? በፈራኢድ ድርሻ፣ በመንግሥቱ እኩልነት ወይስ በሽማግሌ ስምምነት? ይህን የሚመልስ ጥናት ስለ ደጋው ሙስሊም ዲን ከብዙ የመውሊድ ገለጻ የበለጠ ይነግረናል። ሰነዱ የከተማ ነው፤ ወደ ቃዲ ያልሄደች ሴት በውስጡ አትገኝም። ለዚህም ነው የመምህሩና የኢማሙ እጅ የሚያስፈልገው።

በእነዋሪ ወይም በማናቸውም የደጋ ከተማ ያለ አንድ ኢማምና አንድ የታሪክ መምህር በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ለመጀመር የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለባቸውም። በሠርግ ቀን ለሙስሊም እንግዶች የሚያርዱትን ሰዎች መጠየቅ ይቻላል፤ ተስሚያውንና የዕርዱን ሥርዓት ከማን ተማሩ፣ ያ ሰው ከማን ተማረ፣ መምህሩ ከየት አገር መጡ፣ በየትኛው መዝሀብ ያስተምሩ ነበር፣ የክርስቲያን ሥጋ ለምን አይበላም ብለው ነገሯቸው? መልሱ እንደ ተነገረ፣ በተናጋሪው ቃል ይጻፍ፤ ሑክሙ በኋላ ይምጣ።